የኩንቴ ባልጩት

ኩንቴ ቆዳ የምትፍቀው በድንጋይ ነው። ብረት ቆዳውን ይቀደዋል ትላለች፤ ባልጩት ግን ሲዶለዱም ጠርዙን አንድ ጊዜ ቢመቱት ተመልሶ ስለት ያወጣል። መምታቱን ከእናቷ ለመማር ዓመታት ፈጅቶባታል።

እኛ ባለመሬቶቹ ገበሬዎች እሷ በፋቀችው ቆዳ ላይ እንተኛለን፤ ከእሷ ቅል ግን አንጠጣም። «ፋቂ ናት» እንላለን። ለምን ብሎ የጠየቀን ሰው ካለ «ደንብ ነው» ብለን እንገላገለዋለን። ደንብ ማለት ያላሰቡበትን ነገር ማሳመሪያ ነው።

አምና ከካራት ከተማ አዲስ ወሬ መጣ። ኩንቴ ለካ ፋቂ አይደለችም፤ ቅርስ ናት! የድንጋይ ዘመን ሰው ያደርገው የነበረውን ዛሬም በእጇ የምታደርግ የዓለም ብርቅ! አርባ ዓመት አይተን እንዳላየ ያለፍናት ሴት በአንድ ስብሰባ ብርቅ ሆና አደረች።

እሷ ግን ደስ አላላትም።

«ትናንት የናቀኝ ዛሬ ካሞገሰኝ፣ የሚወስድብኝ ነገር አለ» አለች።

የሚወሰደውንም ታውቀዋለች። ባልጩቱ የሚወጣበትን ሸለቆ ከእሷና ከልጇ በቀር የሚያውቅ የለም። ጎረቤቷ ማሳው ውስጥ ጥንታዊ አጥንት ተገኘ ተብሎ ከታጠረበት ሦስት ዓመቱ ነው፤ አጥንቱ ሄደ፣ ሽቦው ቀረ፤ ሰውየው የገዛ መሬቱን በሽቦ ቀዳዳ ያያል። ሸለቆውን ቢያጥሩባት በምን ትፍቃለች?

እንደፈራችውም መጡ። ከፊት የባህል ሹሙ ጉማቾ፣ የመንደራችን የገበሬ ልጅ፤ ከኋላው ስለ ጥንት ድንጋይ የተማረች አንዲት ዶክተር ከአዲስ አበባ።

«እማማ ኩንቴ! የእኛ ኩራት! እንዴት አደሩ?»

«ከመቼ ወዲህ ነው ኩራታችሁ የሆንኩት? አባትህ በደጄ ላለማለፍ በገደል ይዞር አልነበር?»

«ኧረ ይተዉት እማማ፣ ያ ድሮ ቀረ።»

ዶክተሯ ቁጢጥ ብላ መፋቂያውን አየችና «ድንጋዩን ከየት ያመጡታል እናቴ?» አለቻት።

«ከአያቴ ከረጢት።»

«ከረጢቱ አያልቅም?»

«አያቴ ቆጣቢ ነበረች።»

ጉማቾ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። «እማማ፣ ቦታውን ያሳዩን። ለልጅ ልጅ እንዲጠበቅ ነው።»

«መጠበቁን አውቀዋለሁ፤ ጎረቤቴን ጠብቃችሁታል» አለችና ከማሽላ የጠመቀችውን ጫቃ በቅል ቀድታ ዘረጋችለት። «ጠጣና አሳይሃለሁ።»

ለማየት የተሰበሰብን መንደርተኞች አንገታችንን አሰገግን። ጉማቾ ቅሉን አየ፣ እኛን አየ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው። «ይጣፍጣል!» አለ ጢሙን እየጠረገ። አንዳንዱ አጨበጨበ። ለዘመናት የቆየ ንቀት በአንድ ጉንጭ የተሻረ መስሎት ነው፤ ሞኝ!

የኩንቴ ፊት ግን ጠቆረ። ወደ ልጇ ጆሮ ጠጋ ብላ «ለድንጋዬ ብሎ ይህን የጠጣ፣ ድንጋዬን ሲያገኝ ምን ሊያደርግ ነው?» አለቻት።

ከዚያ ተነስታ ወሰደቻቸው፤ ወደ ሸለቆው ሳይሆን ከመንደሩ ጀርባ። ፋቂዎች የባልጩቱን ስብርባሪ ግቢ ውስጥ አይተዉትም፤ የሰው እግር እንዳይቆርጥ ለቅመው አንድ ቦታ ይደፉታል። የአያቷም፣ የእናቷም፣ ያለፈው ሳምንት የእሷም ጥራጊ እዚያው ተከምሯል። «ቦታው ይኸው» አለቻቸው።

«ሚሊዮን ዓመት!» ብሎ ጮኸ ጉማቾ። በዓመት አቆጣጠር የሚስተካከለው የለም።

ዶክተሯ አንዱን ፍንካች አነሳች። መፋቂያው ከእጀታው ጋር የተጣበቀበት ሙጫ ገና አልረገፈም፤ የላም ጸጉር ተለጥፎበታል። አገላብጣ አየችው። ቀና ብላ ኩንቴን አየቻት። ኩንቴም ዓይኗን አልሰበረችም። ዶክተሯ ፍንካቹን ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችና «ጠቃሚ ቦታ ነው፤ ይታጠር። ሌላ መፈለግ አያስፈልግም» አለች።

በሳምንቱ ለጥራጊው ሽቦና ሰሌዳ ተተከለለት። መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ሄድኩ። ኩንቴ ከልጇ ጋር የቤቷን ወለል ትቆፍራለች፤ በአጠገቧ ከሸለቆው የመጣ ባልጩት በቆዳ ተጠቅልሎ ተከምሯል።

«ምነው? አሸነፍሽ እኮ!»

«ዶክተሯ አውቃለች» አለችኝ። «ሙጫውን አይታዋለች። አውቃ ለምን ዝም አለች?»

«አዝናልሽ ይሆናላ።»

«ያዘነ ሰው አዝኛለሁ ይላል። ዝም ያለ ተመልሶ ይመጣል። ሲመጡ ሸለቆውን ባዶውን ያጥሩት።»

«ይሄ ሁሉ ድንጋይ ስንት ዓመት ያስኬድሻል?»

መቆፈሩን አቆመች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንተስ ምን አግብቶህ ትጠይቃለህ?»

ልጇ በሩን ከፍታ ቆመችልኝ። ጉድጓዱን የደፈኑት እኔ ከግቢው ከወጣሁ በኋላ ነው።