አባቴ እሺ ያሉ ዕለት

ልጄ ከማለዳ ጀምሮ አንዱን ብርጭቆ እየደጋገመች ታጥባለች። ከሰዓት በኋላ የእጮኛዋ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። "እማዬ፣ አባዬ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም አይደል?" አለችኝ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። ወይ ጉድ፣ አልኩ በሆዴ። ይቺን ጥያቄ አውቃታለሁ።

የዛሬን አያድርገውና እኔም አንድ ቦታ የምረጋ ሰው አልነበርኩም። ቤታችን ሰበታ ነበር፤ እዚያው ክር ፋብሪካ ገብቼ ወጣሁ፤ ዳቦ ቤት ገብቼ ወጣሁ፤ ልብስ መሸጫም ሞከርኩ። ሁሉ ነገር ቶሎ ይሰለቸኛል። ደረጀ ግን አልሰለቸኝም። ቡራዩ የብረት በር የሚበይድ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። እሁድ እሁድ ይመጣና የባቄላ እሸት እየፈለፈልን በጅማው መንገድ ዳር ዳሩን እንሄዳለን። አለመሰልቸቴ ራሱ አስፈራኝ።

ታላቅ እህቴ ካገባች ወዲህ ቤታችን ስትመጣ እንኳ ነጠላዋን ከትከሻዋ አታወርድም። ወሬዋ ሁሉ "ልሂድ፣ ባሌ ይመጣል" ሆነ፤ ያቺ ሳቋ ከደጅ የሚሰማ ልጅ። እኔም እንደሷ እሆናለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ስለዚህ ደረጀ "ሽማግሌ ልላክ?" ሲለኝ "ላክ" ያልኩት ደፍሬ እንዳይመስላችሁ። በእኛ አገር ደንብ፣ መጀመሪያ የመጣ ሽማግሌ "ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" ተብሎ ይሸኛል። አባቴ ኦቦ ገመቹ ደግሞ በዚህ የታወቁ ናቸው፤ የእህቴን ሽማግሌዎች ክረምቱን ሙሉ አመላልሰዋል። እስከዚያ ወይ እደፍራለሁ፣ ወይ እሱ ይሰለቻል ብዬ ነው።

በኅዳር አንድ እሁድ መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ከዚያ ተናገሩ። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጁን አይቼዋለሁ። ቶሌ!" አሉ በኦሮምኛ። "እሺ ብያለሁ፤ ተቀመጡ።"

በጓሮ በር ስወጣ እናቴ አየችኝ፤ አልጠራችኝም። ከአንዱ ሚኒባስ ወደ ሌላው እየተሳፈርኩ፣ እንጦጦን አልፌ ሱሉልታ አክስቴ ቤት ስደርስ ነው በቤት ጫማ መምጣቴን ያየሁት።

አክስቴ ትኩስ ቅንጬ ሰጠችኝ። ሳልጨርሰው ተነሳሁ። በማግስቱ ሜዳው ሁሉ የታጨደ ሣር ይሸታል፣ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል፤ እኔ ከአጥሩ እስከ አስፋልቱ እመላለሳለሁ። ካልተመለስኩ ደረጀን አጣለሁ፤ ከተመለስኩ ራሴን የማጣ መሰለኝ።

"ቁጭ በይ እስቲ ልጄ፣ አዞርሽኝ እኮ" አለችኝ አክስቴ። ቁጭ ስል ባሰብኝ።

ከሰዓት ላይ ደረጀ በሥራ ልብሱ ከሚኒባስ ወረደ። ሊወቅሰኝ ነው ብዬ ቀደምኩት።

"ማን ነገረህ?"

"እናትሽ። ጠዋት ሰበታ ሄጄ ነበር።"

የድርቆሽ ክምር ተደግፈን ተቀመጥን። ከክምሩ ሣር መዘዘና፣ "አባትሽ ይመልሷቸዋል ብዬ ነው እኮ የላክሁት" አለኝ። "እስከ ፋሲካ አይሰጡህም ሲሉኝ፣ እስከዚያ ፍርሃቱ ይለቀኛል ብዬ። እሺ አሉ ሲሉኝ ጊዜ ቁጭ ማለት አቅቶኝ ሥራ ገባሁ፤ የሰው በር አጣምሜ በየድኩ።"

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ፍርሃቱ ያኔውኑ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው፤ ግን ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። የእህቴንም ነገር አውጥቼ ነገርኩት።

"ቤቱ ሲጠብሽ ንገሪኝ" አለኝ። "አብረን እንወጣለን።"

ያን ዕለት ማታ በአንድ ሚኒባስ ተመለስን። ዛሬም ቤቱ ሲጠበኝ "እንውጣ" እለዋለሁ፤ እያጉረመረመም ቢሆን ጫማውን ያደርጋል። ከዚህ የተሻለ የትዳር ምክር የለኝም።

ልጄ አሁንም ብርጭቆውን እንደያዘች መልሴን ትጠብቃለች። ያ እጮኛዋም ይህን ጊዜ የትም ይሁን የት ቁጭ ማለት አቅቶት ይሆናል። የእሱ ስልክ ቁጥር እኔ ጋ አለ፤ ከወጣች፣ እንደ እናቴ፣ የት እንዳለች የምነግረው እኔ ነኝ።

"አባትሽ ምን እንደሚል እኔ አላውቅም" አልኳት። "ሱሉልታ ግን ይበርዳል። የምትወጪ ከሆነ ደህና ጫማ አድርገሽ ውጪ።"