ስምንት ሆነን ቤዝቦል ልናይ ሄድን

ቅዳሜ፣ ሊነጋ ሲል፣ ፌርፋክስ፣ የአበሻ ሰፈር

ከእትዬ አስካለ ምግብ ቤት በር ላይ በሁለት ታክሲ ተነሣን። ፊተኛውን ጋሼ ታደሰ ይነዳሉ። የዕቃ መጫኛው ውስጥ ጥቁር ልብስና ነጠላ ታጭቋል። ማንም እንዳያየው የባሕር ዳርቻ ወንበር ተጭኖበታል።

እናታችን አዲስ አበባ ሞታለች። ስልኩ ሐሙስ ምግብ ቤቱ ጋ ተደወለ። መርዶ ለልጅ በስልክ ስለማይነገር ደዋዩ የፈለገው እትዬ አስካለን ነበር። እኔ ሳህን ሳጥብ ስለነበርኩ በእርጥብ እጄ አነሣሁት። ድምፄን ሳይለይ ተናገረ።

የእኔ ደህና ቀን ሐሙስ አለቀ። ለታላቅ ወንድሜ ለግርማ ግን አንድ ቀን ቀርቶታል። እሱ በረሃው ዳር፣ ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ይኖራል። የታሰበው እንዲህ ነው። ዛሬ «ጨዋታህን ልናይ መጣን» እንለዋለን። ይበላል፣ ይተኛል። ነገ ጠዋት በሽማግሌ ይነገረዋል። ሁሉም የፈሩት የእኔን ፊት ነው።

ፍሪዌይ ቴን የተባለው አውራ ጎዳና፣ ወደ ምሥራቅ

«እስቲ ሳቅ» አሉኝ እትዬ አስካለ።

ሳቅሁ።

«ይሄ ሳቅ ነው? ጥርሱን የሚነቅሉት ሰው እኮ ነው የምትመስለው!»

«ሆድህን ይዘህ ነው እንጂ» አሉ ጋሼ ታደሰ፣ በመስታወት እያዩኝ። «ሦስት ጊዜ ሃ፣ ከዚያ ጉልበትህን መታ።»

«እርስዎ መንገዱን ይዩ! በመርዶ ላይ መርዶ ሊጨምሩ ነው?»

ሦስት ሃ፣ አንድ ጉልበት። ሳን በርናርዲኖ ከተማ ስንደርስ ለመድኩት።

ነዳጅ ማደያ፣ ረፋድ

ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ጋሼ ታደሰ ኮታቸውን አላወለቁም። እትዬ አስካለ ውሃ ብቻ ገዙ፤ ፍልሰታ ነው።

«ለመሆኑ ይሄ ልጅ ሥራው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሜዳው ጥግ ቆሞ ኳስ እስኪመጣ ይጠብቃል።»

«ካልመጣስ?»

«ይቆማል።»

«ይሄማ የፓርኪንግ ሎት ጥበቃ ነው» አሉ ጋሼ ታደሰ። «እኔ ዊልሽር መንገድ ላይ አምስት ዓመት ሠርቼዋለሁ። ማንም አላጨበጨበልኝም።»

የወንድሜ ነገር እንዲህ ነው። ሃውቶርን ሰፈር ስንኖር ከቤታችን አጠገብ ሜዳ ነበረ። ግርማ አጥር ዘለው የሚወጡትን ኳሶች እየሮጠ መሬት ሳይነኩ ይይዝ ነበር። አንድ አሠልጣኝ አየው። ይኸው አራት ዓመቱ፣ ከታች ካሉት ሊጎች ሁሉ ታች ባለው ይጫወታል። በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ይሄዳል። በዚህ አገር በጋ ኳስ ይይዛል፣ በክረምቱ ቤት ለሚቀይሩ ሰዎች ሶፋ ያመላልሳል። ኳስ በዱላ መምታት አይችልም። ይህን እሱም ይናገራል። የወደቀበት ኳስ ግን አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሜዳው

መግቢያ ሦስት ዶላር። ተመልካቹ ከመቶ ብዙ አይበልጥም፤ ኮት የለበስን እኛ ብቻ ነን። እትዬ አስካለ ሆት ዶግ ገዝተው ሥጋውን ለእኔ ሰጡኝ። ዳቦውን በሰናፍጭ በሉ። እኔ ሥጋውን በናፕኪን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

ግርማ ከሩቅ አየን። ቆመ። በጣቱ አንድ በአንድ ቆጠረን። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ አውለበለበ።

«ለምን ለብቻው አራቁት?» አሉ እትዬ አስካለ። «ተጣሉት እንዴ?»

«ቦታው ነው፣ እትዬ።»

«ሌሎቹ እዚህ ተሰብስበው ያወራሉ። ለልጄ አንድ ሰው አይጨምሩለትም?»

ኳስ ተመታ። ግርማ ወደ ኋላ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ዘለለና በደረቱ ወደቀ። አቧራው ዋጠው።

«ኧረ ልጄን! ኧረ በእናቱ ሞት!» እትዬ አስካለ ብድግ ብለው ደረታቸውን መቱ። ወዲያው ያሉት ነገር ገባቸውና በዳቦው አፋቸውን ከደኑ። ጋሼ ታደሰ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔ ሥራዬን ሠራሁ። ሃ፣ ሃ፣ ሃ! ጉልበቴን መታሁ። ግርማ ተነሣ፤ ኳሱ ጓንቱ ውስጥ ነው። ወደ እኔ ብቻ አየ።

«ያዘው!» አሉ ጋሼ ታደሰ። «ምን ነካው፣ መልሶ ይወረውርላቸዋል?»

ከጨዋታው በኋላ እራት በላን። ግርማ እንደዚያ ሲያወራ አይቼው አላውቅም። አሠልጣኙን አስመሰለ፣ አውቶቡሱ በረሃ ላይ እንዴት እንደቆመ ተረከ። እኔ በየቀልዱ ሃ እላለሁ። ጉልበቴ በለዘ። አንዴ ሳህኔን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ብላ፣ በደንብ ብላ» አለኝ።

እሑድ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ቡድኑ የሚያድርበት ሞቴል

ስነቃ ግርማ ልብሱን ለብሶ ቁጭ ብሏል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ለእኔ ቀድቶ አልጋዬ አጠገብ አስቀምጧል። በር ተንኳኳ። ሁሉም ጥቁር ለብሰው ገቡ። ጋሼ ታደሰ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

ግርማ ወደ እኔ እያመለከተ ቀደማቸው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እሱን ያዙልኝ። ልጅ ነው፣ አይችለውም።»

ጋሼ ታደሰ ግራ ገባቸው። «እሱማ ከሐሙስ ጀምሮ ያውቃል።»

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። «ሐሙስ?»

«ሐሙስ» አልኩት። «አንተስ?»

«ስቆጥራችሁ። ስምንት አበሻ ኮት ለብሶ ቤዝቦል ሊያይ ይመጣል? ማን እንደሞተ እንኳ እትዬ አስካለ ነገሩኝ፤ ድምፃቸው እኔ ጋ ደርሷል። ግን አንተ ትገለፍጣለህ። አልነገሩትም፣ ዛሬን ይሳቅ ብዬ ነው።»

«እኔም ዛሬን ይጫወት ብዬ ነው።»

መጀመሪያ እሱ ሳቀ። ከዚያ እኔ፣ ጉልበቴን ሳልመታ። ሳቁ መቼ ወደ ለቅሶ እንደዞረ አላውቅም። እትዬ አስካለ እንደ ወጉ ጮኹ፤ የሞቴሉ መብራት በየክፍሉ በራ።

የቡድኑ ልጆች በቁምጣ ሮጠው መጡ። ግርማ በእንግሊዝኛ ነገራቸው። ምን እንደሚደረግ አላወቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁና እንደ እኛ ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አንደኛው፣ ቀይ ፀጉር ያለው፣ ከኪሱ ከረጢት አውጥቶ ለእትዬ አስካለ ዘረጋ። ሜዳ ላይ ቅርፊቱን እየተፉ የሚበሉት የሱፍ ፍሬ ነው።

እትዬ አስካለ አሸተቱት። «ሱፍ ነው፣ ጾም ነው። የእነሱ ንፍሮ መሆኑ ነው» አሉና እፍኝ ዘግነው አሳለፉት።

ለቅሶ ቤት ደግሞ አይተፋም። ጋሼ ታደሰ ከነቅርፊቱ አኝከው ዋጡ። ግርማም ዋጠ። እኔም በሁለት እጄ ተቀብዬ ዋጥኩ። ቀይ ፀጉሩ ልጅ አፉ ሙሉ እንደሆነ ሁላችንንም አየና፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ታግሎ እሱም ዋጠው።