እማማ ሽቦ የበሱት ጣሪያ

ድሪሉ የጣሪያውን ፋይበር በስቶ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ላይ ሲደርስ አፏጨ። እማማ ሽቦ መኪናው አናት ላይ ተንበርክከው በሁለት እጃቸው ተጫኑት።

«እማዬ፣ ውረጂ!» አለች ልጃቸው ከመሰላሉ ሥር።

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ስልሳ ስምንት ዓመትሽ ነው እኮ!»

«ድሪሉ ዕድሜ አልጠየቀኝም።»

አሉሚኒየሙ ተበሳ። እማማ ሽቦ ድሪሉን አጥፍተው በቀዳዳው አጮለቁ። የገዛ አልጋቸው ታያቸው።

ልጅቷ ነርስ ናት። የዚያን ቀን ጠዋት የመጣችው መኪናውን ነድታ ወስዳ ግቢዋ ውስጥ ልታቆመው ነበር። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። እናትየው መንገድ ስተው እንዳይጠፉ ከዚህ ሌላ መላ አልታያትም። እማማ ሽቦ የጠየቁት እስከ ምሳ ሰዓት እንድትታገሳቸው ብቻ ነው። አንቴና ጣሪያው ላይ አውጥተው መንገድ ከሚመራቸው ጂፒኤስ ጋር ያገናኛሉ። ካልሠራ መኪናውን ትውሰድ። ከሠራ ቁልፉን ትመልስ።

እማማ ሽቦ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። እንጨት ላይ ወጥተዋል፣ ጉድጓድ ውስጥ ወርደው የተበጠሰ ገመድ ቀጥለዋል። ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ቀጭን ስለሆኑ ነው የሚል አለ፣ አልታጠፍ ስለሚሉ ነው የሚልም አለ። ጡረታ ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር አንድ አሮጌ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ገዙና አልጋ፣ ምድጃና ቁም ሣጥን አስገቡበት። ቤተሰቡ «ቤቲቱ» ይላታል። የኤሌክትሪኩ ሥራ የእሳቸው፣ የቆርቆሮው የባለቤታቸው ነበር።

ባለቤታቸው ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ፣ ሙቀትም አይወዱም ነበር። ስለዚህ የቤቲቱን ጣሪያና ግድግዳ በውስጥ በኩል በአሉሚኒየም ለበጡት፤ መጋጠሚያው እየታጠፈ፣ ጥፍር እንኳ እንዳያስገባ ሆኖ። አልበቃ ብሏቸው የፊቱን መስታወት ብረት ብረት የሚያብለጨልጭ የፀሐይ መከላከያ ለጠፉበት። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ችግር አልነበረም። መንገዱን ሁሉ በቃላቸው ያውቁት ነበር። ካረፉ በኋላ ግን እማማ ሽቦ ጂፒኤስ ገዙ፣ በዓመት ውስጥም ሦስት ጊዜ ጠፉ።

ሦስተኛው የባሰ ነበር። ወደ እህታቸው እየሄዱ ሳለ የስክሪኑ ቀስት ከግማሽ ሰዓት በፊት የተሻገሩት ድልድይ ላይ ደርቆ ቀረ። ቆይቶ ብድግ አለና «ወደ ግራ ይታጠፉ» አላቸው። ታጠፉ። የድንጋይ ካባ ውስጥ ገቡ። ሠራተኞቹ ውኃ ሰጧቸው፣ አንዱ ለልጃቸው ደወለላት።

ልጅቷ መርሳት ጀምረው እንደሆነ ልታስመረምር ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ሰዓት ሣሉ አላቸው፤ ሣሉ። ከመቶ ጀምረው ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ጠየቃቸው። ሁለት እስኪደርሱ ቆጠሩና «አሁን ደግሞ አንተ» አሉት። «ለዕድሜያቸው በጣም ደህና ናቸው» አለ ሐኪሙ። ልጅቷ የሰማችው «ለዕድሜያቸው» የሚለውን ብቻ ነው።

እማማ ሽቦ ቤታቸው ሲመለሱ በሥራ ዘመናቸው እንደለመዱት አደረጉ። ስልክ አልሠራ ካለ መጀመሪያ የሚፈተሸው መስመሩ ነው። ጂፒኤሱን ከመኪናው አውጥተው የግንቡ አጥር ላይ አስቀመጡት። አሥራ አንድ ሳተላይት ያዘ። መልሰው መሪው አጠገብ አስቀመጡት። ሁለት። ጥቂት ቆይቶ ምንም። ሦስት ቀን እየደጋገሙ ቆጥረው በወረቀት ጻፉት። ልጅቷ ወረቀቱን አይታ፣ «እማዬ፣ በዕቃ አታመካኚ» አለቻቸው። በማግስቱ ሄደው አንቴና ገዙ።

አንቴናው የክብሪት ቀፎ ያህል ነው፣ ከሥሩ ማግኔት አለው፣ ረጅም ቀጭን ገመድም አለው። የቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ አለሰለሱ፣ ገመዱን እንዳይቆርጠው የጎማ ቀለበት አስገቡበት። ማግኔቱ ግን አልያዝም አለ። ፋይበር ማግኔት አይዝም። አሉሚኒየምም አይዝም።

እማማ ሽቦ ከመሰላሉ ወርደው ልጃቸውን ሳያዩ አልፈው ወደ ቤት ገቡ። አንድ የብረት ክዳን ይዘው ወጡ።

«የሾርባው ድስት ክዳን አይደለም እንዴ?»

«ድስቱ ከተቀደደ ስንት ጊዜው! ክዳኑ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።»

«ሰው ምን ይለናል፣ እማዬ?»

«ሾርባ እየሠሩ ነው ይላል።»

እጀታውን ፈትተው ክዳኑን ጣሪያው ላይ በሲሊኮን አጣበቁት። ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ተቀመጠ። ገመዱን ወደ ቀዳዳው ከማስገባታቸው በፊት ትንሽ ወደ ታች ለቀቅ አደረጉት፤ የዝናብ ውኃ በገመዱ ላይ ሲመጣ እዚያው ተንጠባጥቦ እንዲቀር ነው። ቀዳዳውን በሲሊኮን ደፈኑት። ከውስጥ ገመዱን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አሳልፈው፣ ማዕዘኑ ላይ ሳያጥፉት፣ እስከ መሪው ድረስ አወረዱት። ጂፒኤሱ ላይ ሰኩት።

«ሳተላይት በመፈለግ ላይ» አለ ስክሪኑ።

አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን አየች።

«እማዬ፣ ይበቃል። ብቻሽን ሠርተሽዋል፣ ጎበዝ ነሽ። አሁን ግን ይበቃል።»

«እንደ ሕፃን አታሞግሺኝ።»

መሰኪያውን ነቀሉና መነጽራቸውን አድርገው አዩት። የጂፒኤሱን ቀዳዳ ከአቧራ የሚከላከለው ጎማ መሰኪያውን እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ይዞታል። በቢላ ቆረጡት። እንደገና ገፉት። ጠቅ አለ።

አንድ። አራት። ዘጠኝ። አሥራ ሁለት ሲደርስ ቀስቱ የቤታቸው በር ላይ ቆመ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። «እሺ፣ ዕቃው ሠራ። ያንቺ መጥፋት ግን...»

«ስልክሽን አውጪ።»

«ለምን?»

«አውጪና አልጋው ጋ ሂጂ። የት ነሽ ይልሻል?»

ልጅቷ ካርታውን ከፍታ ቆመች። ሰማያዊዋ ነጥብ ተንቀጠቀጠች፣ ዘለለች፣ ሁለት ሰፈር አልፋ የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ መሀል አረፈች። ስልኩን ነቀነቀችው። ነጥቧ ወደ ወንዙ ሄደች።

«ስልክሽም ጃጅቷል» አሉ እማማ ሽቦ። «ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ሰዓት ይሣል።»

ልጅቷ አልሳቀችም። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ የአባቷን መጋጠሚያ በጣቷ ተከተለችው።

«አባዬ ነው?»

«አባትሽ ነው። ዝናብ አያስገባም፣ ሙቀት አያስገባም ሲል ይውል ነበር። ሳተላይትም አላስገባም።»

«ታዲያ ለምን አትነቅዪውም?»

«ለምን እነቅላለሁ? ሥራው ጥሩ ነው። የጎደለው ቀዳዳ ነው።» እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን። እህቴ ትጠብቀኛለች።»

«አብሬሽ ልሂድ?»

«ሥራ የለሽም?»

«ብትጠፊስ?»

«ብጠፋ የምጠፋው እኔ ነኝ። ቁልፉን አምጪ።»

ልጅቷ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጥቂት በእጇ ያዘችው። ከዚያ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ስትደርሺ ደውዪልኝ።»

«አክስትሽ ትደውልልሻለች። እኔ እየበላሁ ነው የምሆነው።»

እማማ ሽቦ ሞተሩን አስነሡ። ክዳኑን አናቷ ላይ የደፋችው ቤቲቱ ከበሩ ወጥታ ወደ ቀኝ ታጠፈች። በድንጋይ ካባው በኩል ሲያልፉ ጡሩምባ ነፉ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ነዱ። ጣሪያው አላፈሰሰም።