አጥንቴና የሐኪም ጋራ ድንጋይ

ከኦጋዴን ጦርነት በሕይወት ተመለስኩ። የቦምብ ፍንጣሪ ግን ሁለቱንም ቆለጦቼን ወስዷቸዋል። ይህን ሲያነብ የሚያፍር ካለ ይፈር፤ እኔ አላፍርም።

ያከመኝ ሐኪም ቁጡ ሰውዬ ነበር። የወንድ አጥንት ብርታት የሚያገኘው ከዚያው ከጎደለኝ ነገር መሆኑን፣ ሆስፒታሉ የሚተካ መድኃኒት እንደሌለው፣ አጥንቴም እየሳሳ እንደሚሄድ ነገረኝ። «ተራመድ፣ ተሸከም። የጎደለውን አይሞላልህም። ከተቀመጥክ ግን ቶሎ ታልቃለህ» አለኝ።

ቤት ስገባ ታላቅ ወንድሜ ፍራሽ አንጥፎ ጠበቀኝ። ተኛ፣ ብላ፣ ጫትህን ቃም፣ ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ ያለውን ማሳህን እኔ እይዝልሃለሁ አለ። ደግ መሰላችሁ? ገበሬ ማኅበሩ የማይሠራን ሰው መሬት ለሌላ ይሰጥ ነበር፤ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጎረቤቱም አብሮት ያዝንልኛል። ማዘናቸው እንደ ዝንብ ነው፤ ቁስል ካላየ አይመጣም።

እኛ አገር ሰንጋ እንዴት እንደሚደልብ የታወቀ ነው። ተኮላሽቶ ቤት ውስጥ ይታሰራል፣ በእጅ ያጎርሱታል። ወንድሜ ያደለበው አንዱ፣ ወደ ሸዋ በር ገበያ ሲነዳ ቁልቁለቱ ላይ እግሩ እንደ ሸምበቆ ቀሽ ብሎ ተሰበረ። እዚያው ታረደ። ሥጋውን በልቶ ምንም ያልተማረ ሰው እኔን አስሮ ሊቀልበኝ መጣ።

እምቢ አልኩ። ሱብሒ ሰግጄ ጋራውን እወጣለሁ፣ የፈረሰውን እርከን ለመካብ ድንጋይ በትከሻዬ እሸከማለሁ። ወንድሜ ሲያየኝ ሰው እንዲሰማ «ሰንጋችን ሊያርስ ወጣ» ይላል። ይስቃሉ። ሥራ የፈታ አፍ ሌላ ምን ያድርግ።

አንድ ክረምት አዳለጠኝና በእጄ መሬት ስደገፍ አንጓዬ ተሰበረ። ጤነኛ ሰው በዚያ አወዳደቅ አይሰበርም፤ ሐኪሙ እውነቱን ነው። ወንድሜ ሳይውል ሳያድር የማኅበሩን ሊቀመንበር ይዞ ማሳዬ ላይ መጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኸው እዩት፤ ሰባራ ነው። መሬቱ ለእኔ ይሁን» አለ።

እጄ አንገቴ ላይ ታስሯል። በደህናው እጄ አንድ ትልቅ ድንጋይ እያንከባለልኩ ነበር።

«ይህን ካብ የካብኩት እኔ ነኝ» አልኩ ለሊቀመንበሩ። «እሱ ያስቀመጠው አንድ ድንጋይ ካለ ይዞ ይሂድ።»

ወንድሜ፣ ወላሂ ለአጥንትህ አዝኜ ነው፣ አለ።

«አቦ ተወኝ። ለአጥንቴ ካዘንክ በዚያ በኩል ያዝ።»

አልያዘም። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ያዘና ድንጋዩን አብረን ካቡ ላይ ሰቀልነው። ማሳው በእጄ ቀረ። አሁን ጎብጫለሁ፣ ቁመቴም አጥሯል፤ ጋራውን ግን በእግሬ እወጣለሁ።