ለጋሼ ያልነገርኩት ውጤት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ኖሬ ይህችን ዘልያታለሁ። አሁን ግን ፈራሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር የወርቁን ሞት የሚያረዱኝ ይመስለኛል።

ወርቁ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ወልቂጤ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። ከስድስት ዓመት በፊት፣ መስቀል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ እኔ ወደምኖርበት ቡታጅራ መጣ። ድካም ድካም ይለው ስለነበር ክሊኒክ ወሰድኩት። እሱ በረንዳው ላይ ከሰው ጋር ሲጨዋወት ውጤቱን ልቀበል የገባሁት እኔ ነኝ።

"ጉበቱ ላይ ስብ ተከማችቷል" አለኝ ሐኪሙ። "ይሄ የሚያሰጋው ለጉበቱ ብቻ አይደለም፤ ኩላሊትንም ቀስ እያለ ይጎዳል። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን መታየት ጀምሯል፤ ግፊቱም ከፍ ብሏል። ክትትል ሳይጀምር እንዳይሄድ፣ አደራ።"

ወጥቼ ምን አልኩት? "ድካም ነው አሉ። ምንም የለብህም ጋሼ።" ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ለምን? በመስቀል ሳምንት ክፉ ወሬ አይነገርም ብዬ ነው? ራሴን እንዲህ እያልኩ ስሸነግል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው! በዚያ መስቀል ልጄን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነበር። የእኛ ሰው ደግሞ ዘር ያጣራል። ጉበት ከተባለ፣ መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቀውን ወንድሜን ጠጪ ሊሉት ነው፤ ኩላሊት ከተባለ ደግሞ "በዘራቸው አለ" ሊሉ ነው። እኔ የፈራሁት ይህን ነው። ስለዚህ ክትፎውን በንጥር ቅቤ ለውሼ ራሴ አቀረብኩለት። ታላቅ ሳይቀምስ አይበላምና ቀድሞ ጎረሰ፤ መረቀን። እኔም አሜን አልኩ።

ከመስቀል በኋላ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ቀጥሎ ሠርጉ ይለፍ አልኩ። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ "እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽኝ?" ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ። እኔ ነኝ የደበቅኩት፤ እኔው ነኝ በየዓመቱ ክትፎ ያቀረብኩለት።

አሁን ጋሼ በሳምንት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ደሙ በማሽን ይታጠባል። የሚረግመው ያንን የቡታጅራ ሐኪም ነው። "ምንም የለብህም ብሎ የሸኘኝን ሰውዬ እግዜር የእጁን ይስጠው" ይላል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ንጹሕ ሰው በእኔ ፋንታ ሲረገም ዝም የምል እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ባለፈው ወር ኩላሊቴን ልሰጠው ተመረመርኩ። ከፍቅር ነው ብዬ አልዋሽም፤ እውነቱን ከመናገር መስጠቱ ቀልሎኝ ነው። አልሆነም። የእኔም ጉበት ስብ አለው፤ ኩላሊቴም መነካት ጀምሯል። በጊዜ ስለተደረሰበት ግን በምግብና በመድኃኒት ይያዛል አሉኝ። ይህን ስነግረው ጋሼ ያበጠ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ አለቀሰ።

"ተመስገን! እንኳን ቶሎ ነገሩሽ" አለኝ። "አንቺስ ትተርፊያለሽ።"

ያኔም አልነገርኩትም። እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ማለት የሚችለው እሱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ መበደሉን አያውቅም። ሳያውቅ ይሞትብኛል ብዬ እፈራለሁ። አውቆ ይሞትብኛል ብዬ ግን ይበልጥ እፈራለሁ።