ጓንት ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት፣ ሳን ሆዜ በምሠራበት ክሊኒክ፣ አንድ ጎረምሳ ጉልበቱ አብጦ መጣና ሱሪውን ጠቅለል ሲያደርግ ያ የጡንቻ ቅባት ሽታ፣ ናናም ባህር ዛፍም የሚመስለው፣ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ሽታ፣ ክፍሉን ሞላው። እጄ የልጁን ጉልበት ይነካካል፣ ልቤ ግን ኦክላንድ ሄዶ፣ ቴሜስካል ሰፈር አጠገብ ከነበረችው ጠባብ አፓርታማችን ሳሎን ገብቶ ተቀምጧል። "አር ዩ ኦኬ?" አለኝ በሽተኛው። ነርሷ እኔ፣ ጠያቂው እሱ!

አባዬ ግርማ በረኛ ነበር። በሥራ ቀን ታክሲ ይነዳል፣ ቅዳሜና እሁድ የኦክላንድን የአበሻ ቡድን ጎል ይጠብቃል፤ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ግን መጀመሪያ የሚመጣለት ጎሉ ነው። በየሰመሩ የካሊፎርኒያ አበሾች ከየከተማው ቡድን እያዋጡ የሚጋጠሙበት ውድድር ነበር፤ እኔ አስራ አንድ ዓመት በሞላኝ ሰመር አስተናጋጇ ሳን ሆዜ ሆነች፣ ለፍጻሜ የደረሱትም እነሱው ባለቤቶቹና እኛ ሆንን። ከዚያ በኋላ ጨዋታው እስኪደርስ ድረስ ቤታችን ውስጥ ተረጋግቶ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሜ እንኳን ምግቡን እየዞረ ነበር የሚበላው።

ምክንያቱ የአባዬ ጉልበት ነው። በግማሽ ፍጻሜው አንዲት የልጅ ኳስ፣ እየተንከባለለች የመጣች፣ እኔ ራሴ በቀሚሴ የማቆማት ኳስ መጣችለት፤ ጎንበስ ሲል ጉልበቱ እምቢ አለውና በእግሮቹ መሃል ሾልካ ገባች። ማሸነፉን አሸነፍን፣ ኳሷን ግን ማን ይርሳት! እማዬ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ቅባቱን ይዛ ሶፋው ስር ትንበረከካለች፤ አባዬ ጥርሱን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ እኛ ልጆቹ ከቅባቱ ሽታ የተነሳ ዓይናችን እያለቀሰ ካርቱን እናያለን።

አባዬ ይሰለፍ አይሰለፍ የሚለው ክርክር የሚካሄደው ቴሌግራፍ መንገድ ላይ፣ ከእኛው ጋር የምትኖረው የአባዬ እህት ሶስና በምታስተናግድበት ምግብ ቤት ነበር። እማዬ የከሰዓት ሺፍት ሲኖራት እኔን እዚያ ጥላኝ ስለምትሄድ፣ ጥግ ተቀምጬ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። አቤት ጭቅጭቅ! ታክሲ ነጂው፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ ሱቅ ያለው፣ ሱቅ ሊከፍት ያሰበው፣ ሁሉም አሰልጣኝ ነው። ጠረጴዛው ላይ የስኳር ዕቃው ተከላካይ፣ የጨው ዕቃው አጥቂ ይሆናል፤ አባዬ የሚጥሚጣ ዕቃ ነው። አንዱ ብድግ ይልና ሚጥሚጣውን ወደ ዳር ገፍቶ በቦታው የኬቻፕ ጠርሙስ ያቆማል። ኬቻፑ ዳዊት ነው፤ በዲቪ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን፣ ሲዘል ጭንቅላቱ የጎሉን አግዳሚ ሊነካ ምንም የማይቀረው ሁለተኛ በረኛ። "የግርማ ፎርም ወርዷል፣ በቃ ሪታየር ያድርግ!" ይላል አንዱ። "በረኛ እኮ የሚጫወተው በአፉ ነው፣ ግርማ ከኋላ ካልጮኸ ተከላካዮቻችን የት እንደቆሙ አያውቁም" ይላል ሌላው። "ይጩኻ! ዳር ቆሞ እንዳይጮህ ማን ከለከለው?" ብሎ ሦስተኛው ይገባበታል። እኔ ለሚጥሚጣው ዕቃ እንባዬ ይመጣል። በዚህ መሃል አባዬ ከሥራ ወጥቶ በበሩ ብቅ ካለ፣ ያ ሁሉ ጀግና ከመቀመጫው ተነስቶ "ኖር!" ይላል፤ ኬቻፑ እንደ ምትሃት ተሰውሮ ሚጥሚጣው ጎሉ ላይ ተመልሶ ይገኛል።

አባዬ ሞኝ አልነበረም፣ ያውቅ ነበር። ሌሊት ሲገላበጥ ሶፋው ይሰማኛል፤ እማዬን እንዳይረብሽ ብሎ ሳሎን ነበር የሚተኛው።

አሰልጣኙ ጋሽ መኮንን ደግሞ ከሁሉም በላይ የተጨነቀ ሰው ነበር። ወንድሜን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው፤ ከአባዬ ጋር አበልጆች ናቸው። አበልጅህን በምን አፍህ "ተቀመጥ" ትለዋለህ? ሊነግረው ደጋግሞ ኮል ያደርጋል፣ ስለ ልጁ ጤና ይጠይቃል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ "በል ደህና ዋል" ብሎ ይዘጋል። አባዬም ስልኩን አስቀምጦ፣ "ይሄ ሰው ዛሬም ሳይነግረኝ ዋለ" ይልና ይስቃል፣ ሳቁ ግን ወዲያው ይቆማል።

በጨዋታው ዋዜማ፣ ፀሐይዋ አስፋልቱን በምታቀልጥበት ሰዓት፣ ሶስና በቤታችን መስኮት አየችና ጮኸች። ሦስት ሰዎች ከነሙሉ ልብሳቸው፣ ከነከረባታቸው፣ ደረጃውን እየወጡ ነው፤ ከፊት ያለው ጋሽ ተፈራ ነው፣ በከተማው ያለ እሱ ሽምግልና የተፈጸመ ጋብቻ የሌለ ሰው። ጉድ ፈላ! ሳን ሆዜ የራሱ ቤት ያለው አንድ ሰውዬ ሶስናን እንደሚከጅላት ለወራት ሲወራ ስለነበር ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። ሶስና ልብስ ልትቀይር መኝታ ቤት ገባች፣ እማዬ የተበተነውን አሻንጉሊት በእግሯ ሶፋ ስር ሰደደችው፣ አባዬም ኮቱን ደርቦ፣ እህት እንደሚድር ትልቅ ሰው ፊቱን ኮስተር አድርጎ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ አልቀመጥ አሉ። ሌላ ጊዜ አባዬን "አንተ" የሚለው ጋሽ ተፈራ ያን ቀን "እርስዎ" አለው። "አቶ ግርማ፣ ከቤትዎ የምንፈልገው ነገር ስላለ ነው የመጣነው፤ እንዳያሳፍሩን" አለ።

"ማንን ለማን?" አለ አባዬ፣ ፈገግታውን መደበቅ አቅቶት።

ጋሽ ተፈራ ላቡን ጠረገ። "ጓንትዎን" አለ፣ "ለልጃችን ለዳዊት።"

መኝታ ቤት ውስጥ ሶስና፣ "ለጓንት ነው እንዴ እንዲህ የተኳኳልኩት!" ስትል ሁላችንም ሰማናት። ማንም አልሳቀም። አባዬ ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁ። ኋላ ግን ጉሮሮውን ጠረገና፣ ልጅ የሚጠየቅ ቤተሰብ እንደሚያደርገው ቀጠሮ ሰጣቸው፤ "ዘመድ ላማክር፣ ሰኞ ተመለሱ" አለ። ጨዋታው እሁድ ነው! ጋሽ መኮንን የላካቸው ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ለዚህ የሚሆን ወግ አልነበራቸውም።

የገላገለቻቸው እማዬ ናት። ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ፣ ሁለት እጆቿን እያሳየችው፣ "ጉልበትህን የማሸው እኔ ነኝ። ስጣቸው" አለች።

አባዬ ተነሳ። መኝታ ቤት ገብቶ ቆየና ጓንቱን አምጥቶ ጋሽ ተፈራ እጅ ላይ አኖረው። "ጎል ቢገባበት ግን ልጁን እንዳትሰድቡት" አለ። ማሉለት። ያኔ ተቀመጡ።

በማግሥቱ ሳን ሆዜ ሙቀቱ ለጉድ ነበር፤ ሣሩ ደርቆ ይኮሰኩሳል፣ ከበሮው ይደለቃል፣ ከሜዳው ጀርባ ፍሪዌዩ ይጮሃል። ዳዊት ገና ላብ ሳያወጣ አንድ ገባበትና፣ ትናንት የማሉት አፎች ከማንም ቀድመው "ግርማ ይግባ!" ብለው ተንጫጩ። አባዬ ከተቀመጠበት ተነስቶ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያቸው፤ መልሰው ተቀመጡ። ከዚያ እጄን ያዘኝና ከጎሉ ጀርባ ካለው የሽቦ አጥር ስር ሄደን ቆምን። መቼም የዚያን ቀን ያህል ሲቁነጠነጥ አይቼው አላውቅም፤ ኳስ በመጣች ቁጥር ትከሻው ይወረወራል፣ እኔንም አብሮ ይጎትተኛል፣ ክንዴ ሊነቀል ደረሰ። "ውጣ! ቁም! ሰው አለብህ!" እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። እኛ ሁለት አገባን። ሊያልቅ ሲል ደግሞ ለነሱ ፔናሊቲ ተሰጠ።

መቺውን አባዬ ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሳን ሆዜ ፀጉር የሚያስተካክል ግራኝ ነው። "ቀኝህን!" አለ አባዬ ሽቦውን ጨምድዶ፣ "ዳዊት፣ ቀኝህን!" ዳዊት በግራው ተወረወረ። ኳሷም በግራው መጣች። ያዛት።

ሕዝቡ አጥሩን ዘሎ ሜዳውን ሞላው፣ ሴቱ በእልልታ፣ ጋሽ መኮንን እያለቀሰ፣ ዳዊት በሰው ትከሻ ላይ። አባዬ ከአጥሩ አልተነቃነቀም። እያጨበጨበ፣ ሳያየኝ፣ ቀስ ብሎ፣ "እኔ ብሆን ገብታብኝ ነበር" አለኝ። ብዙ ነገር ልለው ፈልጌ ነበር፤ አማርኛ ስሰማ ባይቸግረኝም የያኔው አነጋገሬ ግን ከእሺና ከእምቢ ብዙም የማያልፍ ስለነበር "ኖ ዳድ፣ ዩ ዉድ ሃቭ ሴቭድ ኢት" አልኩት፤ አንተማ ታድናት ነበር ማለቴ ነው። ራሴን ዳሰሰኝ። መኪናው ጋ እስክንደርስ እጄን አልለቀቀም። ያ ኳስ ሁሉ የሚይዝ አባቴ በዚያች አጥር ስር ነው የቀረው። አዝኜ ነበር፤ ነገር ግን እንደዚያ ቀን ወድጄውም አላውቅም።

ዛሬ ምግብ ቤቱ ሰላጣ መሸጫ ሆኗል። ጋሽ ተፈራ አርፏል፣ ጋሽ መኮንን ላስ ቬጋስ ገብቷል። ሶስናን ያ የራሱ ቤት ያለው የሳን ሆዜ ሰውዬ በወሩ ሽማግሌ ልኮ ወሰዳት፤ እሷም ለጓንቱ ቀን የለበሰችውን ልብስ ዳግመኛ አለብስም ብላ እማዬን ስታስጨንቅ ነበር። ቡድኑ አሁንም አለ፤ ማን እንደሚሰለፍ በስልክ ግሩፕ ይለቀቃል፣ ሰዉ አውራ ጣት አድርጎ ያልፋል። አንድ የሚጣላ ሰው እንኳን ጠፋ! አንብቤ ስልኬን አስቀምጥና መልሼ አነሳዋለሁ፤ ምን እንደምጠብቅ እኔም አላውቅም።

ዳዊት ፀጉሩ አልቆ፣ የራሱን ትራክ የሚነዳ የልጆች አባት ሆኗል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባዬን ሳይጠይቅ አይቀርም። አባዬ አሁን አሁን የኔን ስምና የሶስናን ስም ያቀያይራል፤ ያቺን ፔናሊቲ ግን በየሳምንቱ ያነሳታል። "ግራህን! አልኩት፤ ሰማኝ፣ ያዛት" ይላል። ዳዊትም ትንሽ እንኳን ሳያመነታ፣ "አዎ ጋሼ፣ እርስዎ ባይነግሩኝ ገብታ ነበር" ይለዋል። አባዬ ደስ ይለዋል፣ እኔ ተነስቼ መስኮት ልከፍት እሄዳለሁ። አባዬ በአጥሩ ስር ያለኝን ቃል የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን፤ አሁን እኔ ብቻ ነኝ።