ባዶውን የቆየው ባሕር

በአትላንታ ካለን ሽማግሌዎች መካከል በመጽሐፍ የሚስተካከለኝ የለም። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረውን ያስተማርኩት ራሴን በራሴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ስነዳ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው ሲዲዎች መጻሕፍት ሲነበቡ እየሰማሁ እንግሊዝኛን በጆሮዬ ለቀምኩት።

ከሰማኋቸው ሁሉ የወደድኩት ከሺህ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር፣ በአንዲት ደሴት ላይ የኖሩ ጳጳስን ታሪክ ነው። ንጉሡ የሰጣቸውን ፈረስ ለድሃ ሰጥተው በእግራቸው የሚዞሩ ሰው ነበሩ። ሰባት ጊዜ ሰማሁትና ጡረታ ስወጣ በአማርኛ ጻፍኩት።

በአትላንታ ዳር ኖርክሮስ ያለው የሽማግሌዎች ማኅበራችን ሊያሳትምልኝ ቃል ገባ። ብቻ አስቀድመው አንድ ጡረተኛ መምህር ይስሙት፣ እሳቸው ካላለፉት አይታተምም ተባለ። ቅዳሜ ቀን ቆሜ አነበብኩ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። መጨረሻው ላይ፣ ጳጳሱ ካረፉ በኋላ ባሕሩ ሁለት ዓመት ባዶውን ቆየ ስል መምህሩ እጃቸውን አነሡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዓሣዎቹ የት ሄደው ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔ አልደነገጥኩም። ባሕሩን የሰጣቸው ንጉሡ መሆኑን፣ ደሴት ደግሞ ያለ ባሕር እንደማይኖር አስረዳሁ። መምህሩ ግን ለጳጳስ ባሕር ሲሰጥ ሰምተው እንደማያውቁ ነግረውኝ፣ ተጣርቶ ይምጣ አሉ።

ሰኞ ዲኬተር ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የታተመውን መጽሐፍ አስወጣሁ። ለካ ባሕር ብዬ የተረጎምኩት «ሲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በጆሮ ሲሰሙት ከባሕር ጋር አንድ ነው፤ በጽሑፍ ግን ይለያል። መዝገበ ቃላቱ «የጳጳስ መንበር» ይላል። ባዶውን የቆየው መንበሩ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሥቼ ስሕተቴን ተናገርኩ። ቀጥዬም፣ ሙሉ መጽሐፍ በጆሮው ብቻ ሰምቶ የተረጎመ፣ የተሳሳተውም በአንድ ቃል ብቻ የሆነ ሌላ ሰው ካለ ይቁም አልኩ። የቆመ የለም።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ዓሣዎቹም ተገላገሉ። ይታተም» አሉ።

አሁን መጽሐፉ ከፊቴ ነው። የሠራሁትን ልቁጠር፦ ያለ አስተማሪ እንግሊዝኛ አወቅኩ። በዚህ ከተማ ትራፊክ መካከል የአንድ ጳጳስን ሕይወት ሰባት ጊዜ ሰማሁ። ፈረሳቸውን ሰጥተው በእግራቸው የሄዱትን ሰው እስከ ኖርክሮስ አደረስኳቸው። መምህርን ያህል ሰው «ይታተም» አስባልኩ። አሥራ አራት ቦታ የጻፍኩትን ባሕር ደግሞ በአንድ ከሰዓት አደረቅኩት።